ቴርሞሜትር ሳታወርዱ ርክክቡ ላይ አትፈርሙ

ደብረ ማርቆስ ላይ ማደያ ለመክፈት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የመሬቱ ሊዝ፣ የአካባቢ ጥናቱ፣ የእሳት አደጋ ፍተሻው፣ ከነዳጅ ኩባንያው ጋር የተዋዋልነው ውል፣ ሁሉም በምልልስ አለቀ። ስለዚያ የሚያወራችሁ ሰው አታጡም። እኔን ማንም ያላስጠነቀቀኝ ቦቴ እንዴት እንደምረከብ ነው።

ሐምሌ 2014 ነው። የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት የጀመረበት ሰሞን፣ ናፍጣ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ገብቷል። ቦቴው ከነተሳቢው 45,000 ሊትር ናፍጣ ጅቡቲ ጭኖ፣ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ማታ ደረሰ። ዶፉ ይወርዳል። ግቢው ውስጥ አድሮ ጠዋት ልናራግፍ ተስማማን፤ ሲነጋ የአይሱዙና የሚኒባሱ ሰልፍ ዋናው መንገድ ደርሷል።

የቦቴውን ክዳንና መክፈቻ ያሸጉትን ማኅተሞች ከጭነት ሰነዱ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳከርን። አልተነኩም። ሽያጭ አቁመን፣ ታንኮቹን በዲፕ፣ ማለትም ታንክ ውስጥ በሚወርደው የቁመት መለኪያ ዘንግ፣ ለክተን አራገፍን፣ ናፍጣው እስኪረጋ ጠብቀን እንደገና ለካን። የገባው 44,470 ሊትር። 530 ሊትር የለም።

ሾፌሩ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ያመጣሁትን ይኸው አራገፍኩ። ማኅተሙን በዓይንህ አይተሃል» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ 530 ሊትሩን ዓባይ በረሃ ጠጣው?» አልኳቸው።

ቀጂዎቼ ሳቁ። አንቱታዬን ሳልተው ሌባ አልኳቸው ማለት ነው።

የሚመለከተው ቢሮ ኃላፊ ተጠራ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ መጣ። ሰነዱን አየ፣ ዲፑን አየ፣ ቀነሰ። «ልዩነቱ የሾፌሩ ነው» አለ። የርክክብ ቅጹ ላይ «ሙቀት» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ሰረዝ አድርጎበት አለፈና ማኅተሙን መታ። ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። በእሱ ስናደድ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ፣ ግን ከማኅተሙ ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው። 530 ሊትር በችርቻሮ ሲሰላ 25,980 ብር፣ ከሾፌሩ ክፍያ ላይ ተቆረጠ።

በዚያ ሁሉ ንትርክ መሃል ለላምባ ጄሪካን ይዘው የተሰለፉ አንዲት እናት፣ «ኦጋዴን ጋዝ ተገኘ ሲሉ አልነበር? ምን ጅቡቲ ያንከራትታችኋል?» ብለው ጠየቁኝ። የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ የተገኘ፣ በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ሲቆፍሩት የከረሙት፣ እንደ ላምባ በጄሪካን የማይቀዳ የተፈጥሮ ጋዝ መሆኑን ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንዲያው ስሙን ነዋ የሰጡን» ብለው ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው በመንግሥት ነዳጅ ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ አሰብ፣ ሶቪየቶች በሠሩት ማጣሪያ፣ ኋላም ዴፖ። አሰብ ከእጃችን ከወጣና ማጣሪያው ከተዘጋ በኋላ የምናቃጥለው ሁሉ ተጣርቶ ያለቀ ሆነ፤ ከውጭ የሚገዛው የመንግሥት ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፣ ኩባንያዎቹ ከጅቡቲ ያነሡና ለእኛ ያከፋፍላሉ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከእሱ ነው። 530 ሊትር ጎደለ ስለው ግን ታሪክ አላወራኝም።

«ሲጫን ስንት ዲግሪ ነበር?»

ሰነዱን ገለጥኩ። 37 ይላል። ለካ ሰነዱ ላይ ኖሯል።

«ነገ ከታንክህ በቆርቆሮ ቀድተህ ለካና ደውልልኝ።»

ከአንድ መምህር የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ ለካሁ፤ 24። አጎቴ በስልክ አሰላልኝ። ናፍጣ አንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ1,000 ሊትሩ 0.83 ሊትር ያህል ይኮማተራል። በ45,000 ሊትር ላይ በየዲግሪው 37 ሊትር ከምናምን። የ13 ዲግሪ ልዩነት 486 ሊትር ይሆናል። የቀረችው 44 ሊትር ደግሞ የዲፑ ናት፤ የእኔ ታንክ ወገቡ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት 125 ሊትር ነው፣ ዲፑን በአራት ሚሊ ሜትር አሳስቶ ማንበብ ይበቃል። ክብደቱ እንዳለ ነው፣ ማንም አልሰረቀም። በሐምሌ ጅቡቲ ይነድዳል፣ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ክረምቷን ተከናንባ ተቀምጣለች።

«አሰብ ዲፕ ያለ ቴርሞሜትር አይወርድም ነበር» አለኝ።

የራሴን ገዛሁ። ቀጣዩ ቦቴ 36 ተጭኖ 25 ደረሰ፤ ስሌቱ 411 ሲል የጎደለው 430 ነበር። ታኅሣሥ ላይ የመጣው 28 ተጭኖ 21 ሆኖ ገባ፣ ጉድለቱም 260 አካባቢ ወረደ። ከዚያ ወዲያ የማደያው ታንክ ልኬት የመጨረሻ ነው የሚለውን የቢሮ ትእዛዝ አልሰማም። ሳይራገፍ ቦቴው አናት ላይ ወጥቼ በየክፍሉ ቁመቱንም ሙቀቱንም እለካለሁ፣ ቁጥሩን ቅጹ ላይ እጽፋለሁ፣ ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ሰልፈኛው ይጮሃል፤ ይጩህ። ቤንዚን ከናፍጣ የባሰ እንደሚኮማተርም እወቁት። ከታንኩ ጋር የተሰጣችሁንም የዲፑን ቁመት ወደ ሊትር የሚቀይር ሰንጠረዥ ባዶውን ታንክ በታወቀ ልክ እየሞላችሁ ራሳችሁ ፈትሹት፤ የእኔ አንደኛው ታንክ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የተቀበረ ነበር፣ ሰንጠረዡ ግን ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ አድርጎ ነው የሚያሰላው።

የሾፌሩን ገንዘብ ለማስመለስ ስሌቱን አያይዤ ለቢሮው ጻፍኩ። «ፋይሉ ተዘግቷል» አሉኝ። ስለዚህ ከኪሴ ልከፍላቸው ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ብሩን ተወው» አሉ በመጨረሻ። «አንተ የተናገርከኝ ልጆችህ ፊት ነው። እነሱ ፊት ተናገር።»

እሺ አልኳቸው። እስከዚያ ግን ከሳቁት ሁለት ቀጂዎች አንዱ ሥራ ለቆ ባሕር ዳር ገብቷል፣ የሌላው ስልክ አይሠራም። ብሩ በፖስታ እንደታሸገ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።