ለከርሞ ያድርሰን

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ፣ ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በጳጉሜ 5 ምሽት፣ ፒያሳ አካባቢ ካለው የእናቴ ቤት ሆኜ ነው። ከደጅ የሰፈሩ ልጆች ችቦ ለኩሰው «ኢዮሃ አበባዬ» ሲሉ ይሰማኛል፤ ወጥ ቤት ደግሞ የነገው ዶሮ ሽንኩርት ከተጣደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት የምልክላችሁ ሁለት መስመር የማይሞላ ምርቃት ነበር። ዘንድሮ ግን ያንኑ ምርቃት ከመላኬ በፊት ስለ እግር ኳስ ጥቂት ማለት ስለፈለግሁ፣ ኳስ የማትወዱ ወዳጆቼ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ፤ ዞሬ ዞሬ የምመጣው ወደ በዓሉ ነው።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚከፈተው የእኛ ዓመት ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በመሆኑ፣ እንደኔ በኳስ ለተለከፈ ሰው አዲስ ዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ በነሐሴ፣ በጭቃውና በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ሌላው በመስከረም ከአደይ አበባው ጋር። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ዘንድሮስ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን» ብሎ በሚጠይቅበት ዕለት፣ እኛ የዘንድሮን ተስፋ ጀምረን፣ አንዳንዴም ጨርሰን እንገኛለን። የምደግፈው አርሴናልን ነው። ክለቤ ለመጨረሻ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 38 ጨዋታዎች 26ቱን አሸንፎ፣ 12ቱን አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ነው የጨረሰው። እኔ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ነገሩ በየዓመቱ የሚደጋገም መስሎኝ በቅጡ እንኳ አልተደሰትኩም። ከዚያ ወዲህ የሊግ ዋንጫ የለም። በ2015፣ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ሁለተኛ ወጣን፤ በ2016ማ ማንቸስተር ሲቲ 91 ነጥብ ሲይዝ እኛ 89 ይዘን ነው የቀረነው።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆኑ ወዳጆቻችን ከዚህ መከራችን አንድ ስድብ ፈለሰፉ። ስድቡ ስድብ አይመስልም፤ በየበዓሉ ማዕድ ሲነሳ ሽማግሌዎች የሚመርቁበት «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» የሚለው ነው። ዋንጫው በሚያዝያም ሆነ በግንቦት ከእጃችን ባመለጠ ቁጥር፣ አንዱ የማንቼ ደጋፊ ከወንበሩ ይነሳና፣ ነጠላ እንዳጣፋ ሽማግሌ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁንም አጎርንኖ «ለከርሞ ያድርሳችሁ» ይለናል። ብልሃቱን አልክድም። ሰውን ለማብሸቅ ከምርቃት የተሻለ መሣሪያ የለም፤ ለምርቃት ምን ተብሎ ይመለሳል?

ይህ ነገር ምን ያህል ዘልቆ እንደገባብኝ ያወቅሁት በ2015 የፋሲካ ዕለት ነው። ሚያዝያ 8 ቀን ነበር። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሳለ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አርሴናል ከዌስትሃም ሊጫወት ነበርና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ከፈትን። ገና በ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራን። እኔም በደስታ ለእናቴ ቡና ላፈላልሽ እስከማለት ደረስኩ። ከዚያ አንድ ጎል ገባብን፤ ከዕረፍት መልስ የእኛው ሳካ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ወዲያው ሁለተኛው ገባብን፤ 2 ለ 2 አለቀ። የፋሲካ ዶሮ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ሳለ ትልቋ አክስቴ ሊሄዱ ተነሱና፣ ስለ ኳስ ምንም ሳያውቁ፣ እንደ ወትሯቸው «ለከርሞም በሰላም ያድርሳችሁ፣ ልጆቼ» ብለው መረቁን። ወንድሜ የማንቼ ደጋፊ ነው፤ በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀ። ሁሉም «አሜን» ሲል እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ማንም ሰው በማንኛውም በዓል ያንን ምርቃት ሲናገር ከአፌ «አሜን» ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ማመን ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው የመክፈቻ ጨዋታ ልምጣ። የጨዋታ መርሐ ግብሩ ይፋ ሲሆን፣ አርሴናል የመጀመሪያውን ጨዋታ በኦልድ ትራፎርድ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር እንዲጀምር መደረጉን አይተን እኔና ወንድሜ ለሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ቀኑ እሑድ ነሐሴ 11፣ ሰዓቱም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ቀድሞ ኳስ የምናይበት ቤት ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ነበር፤ በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። ከልጅነት ጀምሮ አብረን ስንጮህ ያደግነው ሰዎችም ተበታተንን። ከካዛንቺስ ይመጡ የነበሩት ደግሞ በተራቸው ተነስተው ገላን ጉራ ገቡ። ዓመቱን ሙሉ ሁላችንም አንድ ላይ አንገናኝም፤ ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ተሰልፎ፣ በምሽት ተመልሶ መሄድ ለተራ ጨዋታ አይሆንም። የመክፈቻው ጨዋታ ግን ቀጠሮ ነው፤ ማንም ለማንም አይደውልም፤ ዝም ብሎ መምጣት ብቻ ነው። ዘንድሮ የተገናኘነው ከፒያሳ ወደ ቸርችል በሚወስደው ቁልቁለት አጠገብ ባለች ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ቁጥራችንም አንድ ቡድን ልክ 11 ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ የተንታኙን ድምፅ ስለዋጠው ጨዋታውን ያየነው እንደ ድምፅ አልባ ፊልም ነው።

በ13ኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት አገኘን። ዴክላን ራይስ ኳሷን ሊያሻማ እየተዘጋጀ ሳለ፣ ጥግ ላይ ስልኩን የሚያይ አንድ ልጅ «ገባ!» ብሎ ጮኸ። የእኛ ሥርጭት ከስልኩ ዘግይቶ ኖሮ፣ ጎሉ ከመቆጠሩ በፊት መቆጠሩን አወቅን። ራይስ አሻማ፤ የዩናይትድ ግብ ጠባቂ አልታይ ባይንዲር በግርግሩ መካከል ኳሷን በቅጡ ሳያርቃት ቀረ፤ ሪካርዶ ካላፊዮሪ ከግቡ አፍ ላይ በግንባሩ ገጭቶ አስገባት። ትንቢት ሲፈጸም እንደማየት ነበር። በግራ በኩል የተቀመጡት «በረኛው ተገፍቷል! ሳሊባ ገፍቶታል!» እያሉ ሲሟገቱ፣ በቀኝ በኩል የነበርነው ተቃቅፈን የሻይ ብርጭቆ ሰበርን። ለብርጭቆው ከፍለናል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ዩናይትዶች 22 ጊዜ ሞከሩ፤ እኛ 9 ጊዜ። ፓትሪክ ዶርጉ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች፤ አዲስ የፈረሙት ኩኛና ምቤሞ እየደጋገሙ ቢያስጨንቁንም ግብ ጠባቂያችን ዴቪድ ራያ አድኖ አድኖ አወጣን። ብዙ ወሬ የተወራለት አዲሱ አጥቂያችን ዮኬሬስ አንድ ሰዓት ተጫውቶ፣ ምንም ሳያሳየን ተቀይሮ ወጣ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። እኔ ባለፉት ዓመታት የለመድኩት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አምሮብን፣ ኳሱን ይዘን፣ ተቃዋሚው ሳይቀር አድንቆን ነጥብ መጣል። አሠልጣኙ አርቴታ ከመጣ ወዲህ ቡድኑ ቀስ በቀስ ማማርን ትቶ መቆምን እየተማረ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም በዚያ ምሽት ነገሩ ገባኝ። ያላማረ ድል ለጊዜው ያሳፍራል፤ ነጥቡ ግን ሦስት ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ «አላማረም» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ወንድሜ ሽንፈቱን በዝምታ አልዋጠም። «ምን ያስቸኩላችኋል፣ ገና 37 ጨዋታ ይቀራል፤ ለከርሞ ያድርሳችሁ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ጊዜ በር አጠገብ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ የነበሩት፣ ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ብለን የምንጠራቸው የሰፈራችን አዛውንት ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼ አርሴናልንም ዩናይትድንም አይደግፉም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው፤ የሚመጡት ለጨዋታው ሳይሆን ለጨዋታችን ነው።

«አንተ ስንት ዓመት ጠበቅህ?» አሉኝ።

«21 ዓመት፣ ጋሼ።»

«እኔ ከ1954 ጀምሮ ነው የምጠብቀው» አሉና ሻያቸውን አስቀመጡ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ጋሼ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚባለው ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫን ፍጻሜ አይተዋል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገች፤ በጭማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። «እኔ የሚቀጥለውንም እንደምንወስድ እርግጠኛ ሆኜ ነው ቤቴ የገባሁት» አሉ ጋሼ፤ እኔም በ1996 ያሰብኩት ይኸንኑ ስለነበር አንገቴን ደፋሁ። በ1960 እና በ1968 ውድድሩ እንደገና እዚሁ አገራችን ተደረገ፤ ዋንጫው ግን ሌሎች ጋር ሄደ። ከ1974 በኋላማ መሳተፍም ቀረና፣ ቡድናችን ለአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ለመድረስ 31 ዓመት ፈጀበት።

«የ2005ቱ የመክፈቻ ጨዋታችን መቼ እንደነበር ታውቃለህ?» አሉኝ። አላወቅሁም። ጥር 13 ነበር፤ ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ በዚያው ላይ ጎል ገባብን። ከዕረፍት መልስ በ10 ሰው አዳነ ግርማ አስቆጠረ፤ 1 ለ 1 ወጣን። የሚቀጥሉትን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈን ተመለስን፤ ጋሼ ግን ስለ እነሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ለዚያች አንድ ጎል ከወንበር ላይ ስዘል ወገቤን ታመምኩ፤ እስካሁን ብርድ ሲሆን ያመኛል» ብቻ ነው ያሉት፤ ያሉትም እየሳቁ ነው። ከዚያ «ለከርሞ ማለት ያስቀይምሃል አሉ» ብለው ጨመሩ፤ ወንድሜ ነግሯቸው ኖሯል። «እኔን 63 ዓመት ሙሉ ያቆየኝ እሱ ነው» አሉና ሂሳባቸውን ከፍለው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ዝናቡ ወጡ።

በነገራችን ላይ፣ የጋሼን ስታዲየም ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ቆሞ እናየዋለን፤ ለእድሳት ከተዘጋ ግን ዓመታት አልፈዋል። ለንደን ላለ ክለብ ይህን ያህል መንገብገቤ ትክክል ነው ወይ ብላችሁ የምትጠይቁኝ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም።

ከመክፈቻው በኋላ የሆነውን ኳስ ተመልካቾች ታውቁታላችሁ። ነሐሴ 17 ቀን ሊድስን 5 ለ 0 አሸነፍን፤ ኦዴጋርድና ሳካ ግን ተጎዱ። ነሐሴ 25 ቀን በአንፊልድ ከሊቨርፑል ጋር አቻ ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረን ሶቦስላይ ከሩቅ የቅጣት ምት አስቆጠረብን። ፊሽካው ከመነፋቱ የወንድሜ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ፤ እንደጠበቅሁት «ለከርሞ ያድርሳችሁ» ይላል። ትንሽ ካሰብኩ በኋላ «አሜን፤ አንተንም ያድርስህ» ብዬ መለስኩለት። የእሱ ቡድን ከአራት ቀን በፊት በአራተኛ ደረጃ ሊግ በሚጫወተው ግሪምስቢ በመለያ ምት 12 ለ 11 ተሸንፎ ከሊግ ካፑ መውጣቱን ልጽፍለት ጀምሬ ነበር፤ አጠፋሁት። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይመልስ ቆየና፣ «ምን ሆነሃል? አመመህ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ነገ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወደ እናቴ ቤት ይመጣሉ። ዕድሜያቸው ስለገፋ ደረጃውን ደግፎ የሚያወጣቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ያንን እኔ አደርጋለሁ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ሊሄዱ ሲነሱ የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ እጠብቃቸዋለሁ።

ቅዳሜ መስከረም 3 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር እንጫወታለን። እሑድ ደግሞ የወንድሜ ቡድን ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ነው፤ በገባሁት ቃል መሠረት አብሬው አያለሁ፤ እንዳልስቅበትም ተስማምተናል። ፒያሳ አካባቢ የምትገኙ በሻይ ቤቷ ብቅ በሉ፤ ጋሼም ይመጣሉ፤ ብርጭቆ የሰበረ ይከፍላል።

መልካም አዲስ ዓመት። ለከርሞም በሰላም ያድርሰን።