«የተሰወረውን ግለጥልኝ» ብዬ ነበር የጸለይኩት

የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን። ያደረገልኝን ዝም ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ እመሰክራለሁ።

አባቴ በድንገት ነው ያረፈው። ደረቴን አመመኝ ሲል ሰምተነው አናውቅም። እኔም እሱ ወዳረፈበት ዕድሜ ስጠጋ ፍርሃት ያዘኝ። ሌሊት እየተነሳሁ «ልብና ኩላሊትን የምትመረምር አምላክ ሆይ፣ በውስጤ የተሰወረ ነገር ካለ ሳይቀድመኝ ግለጥልኝ» እል ነበር። ፈውስ እንኳ አልለመንኩም።

ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ደህና ነው ተባለ። ትሬድሚል ላይ ሮጬም ምንም አልተገኘም። ዘመድ ወዳጅ «በቃ፣ ጌታ መልሶልሃል!» አለኝ። ሐኪሜ ግን (ዕድሜና ጤና ይስጣት) ልቧ አላረፈም። «የሩጫው ምርመራ የሚይዘው ደም እንዳያልፍ የሚያደርግ ጥበት ሲኖር ነው» አለችኝ። «ብዙ ጊዜ ሃርት አታክ የሚያመጣው ግን የልብን የደም ቧንቧ እምብዛም ያላጠበበ የስብ ክምችት ነው። ሽፋኑ ይቀደድና ደም ይረጋበታል። የአባትዎን ነገር ከነገሩኝ በኋላ ሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የልብን የደም ቧንቧዎች በቀለም አንስቶ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ሳላይ አልለቅዎትም።»

ክንዴ ላይ በተሰካው መርፌ ቀለሙ ሲገባ ሰውነቴን ሙቀት ወረረኝ፤ ትንፋሽ ያዝ ተባልኩ፣ አለቀ። ምስሉን ስታሳየኝ ከግራ በኩል ወደ ልብ ፊት በሚወርደው ደም ቅዳ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ነበር፤ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቀለበት ከቦታል። ጥግግቱ ከ30 ሃውንስፊልድ (በሲቲ ጥግግት የሚለካበት መለኪያ) በታች ነው፣ ይኸውም ለስላሳ ስብ ማለት ነው። ቧንቧው ወደ ውጭ ስላበጠ መተላለፊያው ግማሽ እንኳ አልጠበበም። ታዲያ ትሬድሚል ከየት ያገኘዋል?

በስኮትላንድ የደረት ሕመም ባላቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኋላ ላይ አነበብኩ፤ እንዲህ ያለው ለስላሳ ክምችት ከልብ የደም ቧንቧቸው ከ4 በመቶ በላይ የያዘባቸው ሰዎች ሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ 5 እጥፍ የሚጠጋ ነው። ያን ቀን ስንት ጊዜ ተመስገን እንዳልኩ እሱ ያውቃል።

ሽፋኑስ ምን ያህል ስስ ነው ብዬ ጠየቅኳት። አደገኛ የሚባለው ከ65 ማይክሮሜትር ሲያንስ ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር ያህል ማለት ነው! እሱን ለክቶ የሚያሳየው በካቴተር (ወደ ደም ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ገብቶ በብርሃን የሚያነሳው ኦሲቲ ነው፤ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው አይቫስ እስከዚያ ድረስ አጥርቶ አያይም። ለእኔ ግን ካቴተር እንደማያስፈልግ ነገረችኝ። «በሲቲ ያየነው መድኃኒት ለመጀመር ይበቃል» ብላ ከፍ ያለ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት) አዘዘችልኝ፤ ስቴንትም (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) አላስገባችም።

በድጋሚ ስነሳ ጠቆር ያለው ክፍል አንሷል፤ በክምችቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ግን ጨምሯል። ደነገጥኩ። እሷ ፈገግ ብላ ስታቲን ለስላሳውን ስብ ሲያጠነክረው ካልሲየሙ ሊጨምር እንደሚችል፣ የጠነከረውም ለመቀደድ እንደሚከብድ አስረዳችኝ።

አንዳንድ ወገኖች «ጠፋልኝ ብለህ መስክር እንጂ» ይሉኛል። አልጠፋም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ በእግዚአብሔር ስም አልናገርም። ግለጥልኝ አልኩት፣ ገለጠልኝ። መድኃኒቴን በየማታው አመስግኜ እውጣለሁ።

አሁን ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ምርመራ ተነስቶ ውጤት እየጠበቀ ነው። በጸሎታችሁ አስቡልኝ።