ዤርቦ
ታኅሣሥ 15፣ ቡዳፔስት

ዛሬ ከሰዓት ጎረቤቴ በሬን አንኳኩተው "ነይ እስቲ አግዢኝ" አሉኝ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ሊጥ መዳመጥ ከብዷቸዋል። ነገ የፈረንጆች ገና ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ያለ ዤርቦ ኬክ ገና የለም።

ሊጡን ለሦስት ከፍዬ በስሱ ዳመጥኩት። እሳቸው አንዱን መጋገሪያው ላይ ዘርግተው የአፕሪኮት ማርማላታ ቀቡት። ከስኳር ጋር የተፈጨ ዋልነት ነሰነሱበት። ከዚያ ሌላ ሊጥ፣ እንደገና ማርማላታ፣ እንደገና ዋልነት። የላይኛውን ሊጥ በሹካ ወጋ ወጋ አድርገው ኦቭን ውስጥ ከተቱት። ቸኮሌቱ የሚፈስበት ሲቀዘቅዝ ነው።

ዤርቦ የሰው ስም ነው። ኤሚል ዤርቦ ስዊዘርላንድ ተወልዶ፣ በፈረንጆቹ 1884 ሄንሪክ ኩግለር የሚባል የታወቀ ኬክ ጋጋሪ ጠርቶት እዚህ መጣ። ቆይቶ ኬክ ቤቱን ተረከበው። "የድመት ምላስ" የሚሉትን ቀጭን ቸኮሌትና ኮኛክ የጠጣውን ቼሪ ሀንጋሪዎችን ያስለመደ እሱ ነው። በ1919 ሲሞት ሚስቱ ኤስተር እስከ 1940 ሥራውን ይዛ ቆየች። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ቤቱን ወረሰ። ስሙም ከበሩ ላይ ተነሳ፤ ቤቱ ባለበት አደባባይ ስም ቮሮሽማርቲ ተባለ። ዤርቦ ተብሎ እንደገና የተጻፈበት በ1984 ነው።

"ያኔ ኬኩን ምን ትሉት ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ዤርቦ ነዋ!" አሉ ግርም ብሏቸው። "እናቴ በየገናው ትጋግረዋለች፤ ሌላ ምን ልንለው ኖሯል?"

ይሄ መልሳቸው ልቤን ነካው። አደባባዩ ላይ ያለውን ቤት ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። እውነትም ያምራል። ሰውዬውን ለሠላሳ ምናምን ዓመት ያኖሩት ግን እንደ እሳቸው እናት ያሉ፣ እጃቸው ዱቄት የነካው ሴቶች ናቸው።

ከኦቭን ሲወጣ ሽታው አያድርስ ነው። እኔ ግን ጾም ላይ ነኝ፤ ሊጡ ቅቤም እንቁላልም አለበት። ስነግራቸው አዝነው ዝም አሉ። ቆይተው "የእናንተ ገና መቼ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

"ዤርቦ ሲያድር ነው የሚጥመው" አሉና ከቁም ሳጥን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ነገ ሲቆርጡት ከመሃሉ ያስቀሩልኛል። በረንዳቸው ላይ ቅዝቃዜው እንደ ፍሪጅ ነው፤ እዚያ ይቆየኛል። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠየቁኝ፣ ክዳኑ ላይ ስሜን ጻፉ።