«ኮቪድ አይደለም» ከተባለ በኋላ

የካርድ ክፍል ባልደረባችን ማሳል ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎታል። እንደጀመረው ሰሞን ኮቪድ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ተባለ። ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደየሥራው ሄደ። ሳሉ ግን ቀጠለ።

ጊዜው የኮቪድ ወረርሽኝ የጦፈበት ነበር። በላቦራቶሪያችን ያለችው ጂንኤክስፐርት የምትባል መመርመሪያ ማሽን ዋና ሥራዋ ቲቢ መመርመር ነው። ያኔ ግን ቀኑን ሙሉ የኮቪድ ናሙና ነበር የሚገባባት። የሚመጣው አክታም ጥቂት ነበር፤ የሚያስል ሰው «ኮቪድ ይሉኛል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

አንድ ቀን የቲቢ ክፍሏ ሲስተር ፋይል ፈልጋ ካርድ ክፍል ገባች። ልጁ ከላይኛው መደርደሪያ ሊያወርድላት ሲንጠራራ ቀበቶውን አየችው። በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው።

«አንተ፣ ከስተሃል አይደል? ሌሊት ያልብሃል?»

«ኮቪድ እኮ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ስለ ኮቪድ ማን ጠየቀህ?»

የአክታ ዕቃ አስይዛ ወደኛ ላከችው። አክታውን ከማቅጠኛው ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩና ካርትሪጁ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቲቢ አለ፤ ተህዋሲው ግን ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን አልተላመደም። ይቺን ሁለተኛዋን መስመር ሳይ ነው የተነፈስኩት። የተለመደው የ6 ወር መድኃኒት ይበቃዋል ማለት ነው።

ደግሞ የሚሠራበትን ቦታ አስቡት። የሚያስል በሽተኛ ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው እሱን ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ እስከ ጣሪያው ፋይል፤ አየር የሚገባው በዚያችው በካርድ መስኮቷ ብቻ።

ነገሩ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 7.1 ሚሊዮን አዲስ የቲቢ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። በ2020 ቁጥሩ 5.8 ሚሊዮን ላይ ወረደ። መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው «ቲቢ ቀነሰ» ሊል ይችላል። የቀነሰው ምርመራው ነው። ያልተመረመረው ሰው ቤቱ ሆኖ ያስላል፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል። የሟቾች ቁጥርም በዚያው ዓመት ጨመረ። በ2023 ቲቢ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከተላላፊ በሽታዎች የቀዳሚ ገዳይነቱን ቦታ ከኮቪድ መልሶ ሳይረከብ አልቀረም።

ባልደረባችን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ጨርሶ ድኗል። አሁን በካርድ መስኮቱ «ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አለብዎት?» ተብሎ ሳይጠየቅ የሚያልፍ የለም። ጠያቂው ራሱ ነው። ሠራተኛም አይቀርለትም። «እኔ ቲቢ ያለበት ሰው እመስላለሁ?» ብሎ የሚኮሳተር አይጠፋም፤ እሱ ግን ዕቃውን አውጥቶ ያቀብለዋል።