ወንድሜን የት ላይ ልቁጠረው?

ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ማታ ኮምቦልቻ ቤታችን ራት እየበላን ሬዲዮው ስለ ሥራ አጥነት ምጣኔ አወራ። «ውሸት ነው» አለና እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቁጥር ዝም ብሎ ውሸት ሲባል ያመኛል፤ የወንድሜ ፊት ደግሞ ከዚያ በላይ ያመኛል። ስለዚህ ራሴው ልቁጠር አልኩ። የሰፈራችንን 20 ቤቶች ያዝኩ። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ብቻ። 62 ሰው ሆኑ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁሉንም አበላሸው። «ሥራ አለሽ?» ነበር ያልኩት። እኛ ጋ ሥራ ማለት ወር ጠብቆ ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ነው። ጀበና ቡና የምትሸጠው ጎረቤታችን ሲኒ እያለቀለቀች፣ ከሰሉ ከጎኗ እየጨሰ፣ «ኧረ ሥራ የለኝም የኔ ልጅ፣ እንዲሁ ነው ያለሁት» አለችኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ወረቀቱን ቀደድኩትና ከዜሮ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠይቁትን ጠየቅኩ። ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ ቢያንስ 1 ሰዓት ሠርተሃል? ካልሠራህ፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ ፈልገሃል? ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ ነህ? የአንድ ሰዓቱ መስፈርት የዓለም ሥራ ድርጅት የጠራው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ1982 እንደ ፈረንጆቹ ያጸደቀው ነው። ትንሽ የምትመስል ሥራ እንኳ ሳትቆጠር እንዳትቀር ታስቦ ነው።

አንድ አባት ስለ ልጃቸው «እሷ እቤት ነው የምትውለው» ብለው መለሱልኝ። ልጅቷ ከጓዳ ብቅ ብላ ዓርብ ዕለት ሹሩባ ሠርታ 150 ብር እንዳገኘች ነገረችኝ። አባትየው አያውቁም። ከዚያ ወዲህ አንዱ ስለ ሌላው ሲመልስልኝ አልጻፍኩም፤ ባለቤቱን እስካገኝ ተመላለስኩ።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። 36ቱ ሠርተዋል። 5ቱ አልሠሩም፣ ፈልገዋል፣ ዝግጁ ናቸው። 7ቱ ዝግጁ ናቸው ግን መፈለግ ትተዋል። 14ቱ ተማሪ፣ አረጋዊ፣ ሕመምተኛ ወይም ቤት ውስጥ ተይዘው መሥራት የማይችሉ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ምጣኔው የሚካፈለው ለሕዝቡ ሁሉ አይደለም፤ ለሥራ ኃይሉ ነው፣ ማለትም ለሚሠሩትና ለሥራ አጦቹ ድምር። 14ቱ ከስሌቱ ይወጣሉ። ጠበቅ ባለው ትርጉም 5 ለ41 ይካፈላል፦ 12.2 በመቶ። መፈለግ የተዉትን 7 ስጨምር 12 ለ48 ይሆናል፦ 25 በመቶ። ያው ሰፈር፣ ያው ሳምንት፣ ያው ሰዎች። ማንም አልዋሸም፣ ቁጥሩ ግን በእጥፍ ተለያየ።

በጠባቡ ትርጉም ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምጣኔው ይቀንሳል። ይኼ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከ7ቱ አንዱ ደሴ ድረስ እየተመላለሰ ማስታወቂያ ሲያነብ ከርሞ የታክሲ ብር ሲያልቅበት የቆመ ልጅ ነው። በአገራችን ጥናቶች መፈለግ የተዉትንም የሚጨምረው ላላ ያለው ትርጉም ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ለዚህ ነው። የሥራ ገበያው ራሱ በደንብ ባልተደራጀበት አገር «ፈልገሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙም አያሳይም። የሌላ አገር ቁጥር ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ሳይ አሁን መጀመሪያ የማየው ትርጉሙን ነው።

የእኔ ቆጠራ ድክመቱ ብዙ ነው። 5ቱ ሥራ አጦች ላይ አንድ ሰው ቢጨመር 6 ለ42 ይካፈላል፤ 12.2 የነበረው 14.3 ይሆናል። ቤቶቹም በዕጣ አልተመረጡም፣ ሁሉም ጎን ለጎን ናቸው። የስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያደርገው ጥናት በዕጣ የተመረጡ የቆጠራ ቦታዎችን ይዞ ስለሚሄድ ከእኔ ወረቀት እጅግ የተሻለ ነው። በዚህ ቅር አይለኝም።

ግን ቀኑንም እዩ። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት 8 በመቶ አለ፤ ለከተሞች ብቻ 18.7። ትግራይ አልተካተተችም። ቁጥሩ የዚያ ወቅት ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ታኅሣሥ 23 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል አስወጣቻት፣ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ለሚሰፉት ከባድ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በ2009 ሲመረቅ ስንቱ ቤተሰብ ልጁን በተስፋ እንደላከ አስታውሳለሁ። ከ2014 በኋላ ያንን 8 በመቶ እየጠቀሰ ስለ ኮምቦልቻ የሚያወራ ሰው፣ ሳያውቀው የሚያወራው ስለ ሌላ ከተማ ነው።

ወንድሜን መጀመሪያ ሳልጠይቀው ሥራ አጥ ብዬ ጽፌው ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ እንደ ሌላው ሁሉ አስቀምጬ ጠየቅኩት። ቅዳሜ የጓደኛውን ባጃጅ ለ3 ሰዓት ነድቶ 200 ብር አግኝቷል። ከ36ቱ አንዱ ሆነ።

«እታለም፣ እና ሥራ አለኝ ልትዪኝ ነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ወደ 36ቱ ተመልሼ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩና ተጨማሪ ሥራ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቅኩ። 9ኙ ከአንድ ቀን ያልበለጠ ሠርተው ሌላ የሚለምኑ ናቸው። ይህ ያልተሟላ ሥራ ይባላል፤ የራሱ መለኪያ አለው፣ በሬዲዮ ዜና ላይ ግን ብዙም አይነበብም። መስከረም ላይ እነዚያኑ 20 ቤቶች ደግሜ አንኳኳለሁ። ወረቀቱ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ «ስንት ሰዓት መሥራት ትፈልጋለህ?» ወንድሜ ከአሁኑ ሞልቶታል። 48 ብሎ ጽፏል።