«ገና ነው» ያልኳቸው ዕለት

ማስተማር የጀመርኩት በ2017 መስከረም ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የግል ኬጂ ቀጠረኝና ነርሰሪ ክፍል ተሰጠኝ። ሃያ ስድስት ልጆች ናቸው፣ የሚበዙት አራት ዓመት በቅጡ አልሞላቸውም። አብረውኝ ደግሞ ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው ሞግዚት አሉ። መስከረምን በለቅሶ፣ ጥቅምትን ሽንት ቤት በማመላለስ፣ ኅዳርን ሰልፍ በማስለመድ ጨረስን። ታኅሣሥ ሲገባ እፎይ አልኩ። ይሰለፋሉ፣ ሲጠሩ አቤት ይላሉ፣ ምሳ ዕቃቸውን ራሳቸው ይከፍታሉ።

ከዚያ የበዓሉ ወሬ ቤት ለቤት ተጀመረ፣ ክፍሌም ተረበሸ።

ጠዋት ሲገቡ ጀምሮ ድምፃቸው ሌላ ነው። አንዷ አክስቷ ከክፍለ ሀገር እንደምትመጣ ታወራለች፣ አንዱ አባቱ በግ እንደሚገዛ እየማለ ይናገራል፣ ሌላው ደግሞ በጉን ሆኖ ይጮኻል። ቁጭ በሉ ብል የሚሰማ የለም። መጀመሪያ ላይ ባለጉብኝ ብዬ ተናደድኩ፣ አንድ ሁለቴም ጮህኩባቸው። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ ልጅ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ቀሚሴን እየጎተተ ይጠይቀኛል።

«ቲቸር፣ ገና መቼ ነው?»

የሌላ ልጅ የጫማ ማሰሪያ እያሰርኩ፣ ዞር ሳልል «ገና ነው» አልኩት።

በማግስቱ እናቱ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጽፋ ላከችልኝ። «ቲቸርዬ፣ ማታ ዛሬ ገና ነው፣ ቲቸር ነግራኛለች፣ አዲሱን ጫማዬን አምጡ ብሎ ሲያለቅስ አመሸ። አይደለም ብንለው አላመነንም።» አንዱ «ገና» ይላላል፣ በዓሉ ይጠብቃል፤ ለእኛ ልዩነቱ ቁልጭ ያለ ነው። ሃያ አምስት ልጅ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ሲጠብቅ ለዋለ ልጅ ግን መልሱ አንድ ብቻ ነበር። ደግሞም «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ብለው ኖሮስ ምን ይገባው ነበር? በዚህ ዕድሜ «ነገ» ማለት ዛሬ ያልሆነ ቀን ሁሉ ነው። እነዚህ ልጆች አልባለጉም። ትልቅ ነገር እየመጣ እንደሆነ ያውቃሉ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን አያውቁም። እኔ ብሆንም መቀመጥ ያቅተኝ ነበር።

ሰኞ ማታ ደስታ ወረቀትና ኮላ ገዝቼ ገባሁ። ወረቀቱን በቀጭኑ እየቆረጥኩ፣ እየጠቀለልኩ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ እያስገባሁ የቀለበት ሰንሰለት ሠራሁ። ከታኅሣሥ 15 ማክሰኞ እስከ ዕረፍቱ መግቢያ፣ ታኅሣሥ 25 ዓርብ፣ ዘጠኝ የትምህርት ቀን ስለነበረ ዘጠኝ ቀለበት ሆነ። በማግስቱ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን በፕላስተር ለጠፍኩት። በየቀኑ አንድ እንቀዳለን፣ ሲያልቅ ዕረፍት ነው አልኳቸው።

በመጀመሪያው ጠዋት ሊበጠስ ነበር። ማን ይቅደድ የሚለውን አላሰብኩበትም ነበርና እኔ እኔ እያሉ ተንጋጉ፣ አንዷ ወድቃ አለቀሰች። እማማ ልጅቷን አንስተው አቧራዋን እያራገፉ «ልጄ፣ ሦስት ሦስት አድርገሽ ጥሪያቸው፣ ለሁሉም ይደርሳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘጠኝ ቀለበት በሦስት ሃያ ሰባት ነው። አንዱ ሰንሰለቱን ይይዛል፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ የቀሩትን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ስም የምጠራበትን ቅደም ተከተል ይዤ ስለሄድኩ ተራው ማን ጋ እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። በሦስተኛው ቀን «መቼ ነው» የሚለው ጥያቄ ጠፋ። ልጁ ሲመጣ ሰሌዳው ጋ ሄዶ በጣቱ ይቆጥርና ይቀመጣል። እስከ አምስት መቁጠር አቅቷቸው የነበሩ ሁለት ልጆችም ከዘጠኝ ወደ ታች መቁጠር ጀመሩ።

ሌላው ከባዱ ነገር የምሳ ሰዓት ነበር። የነቢያት ጾም ስለሆነ የብዙዎቹ ምሳ ዕቃ ፓስታ በአትክልት፣ ድንች፣ የጾም ፍርፍር ነው። አንዲት ሙስሊም ልጅ ግን እንቁላል ይዛ መጣች። አጠገቧ የተቀመጠው «ጾም ነው! እግዜር ይቆጣሻል!» አላት። ክዳኑን ቀስ አድርጋ ገጠመችው። አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ስለ ሃይማኖት መከባበር ረዘም ያለ ነገር ማስረዳት ጀመርኩ፣ ማንም አልሰማኝም። እማማ መጥተው ክዳኑን መልሰው ከፈቱላትና ለልጁ «ያንተን ማን ሠራልህ?» አሉት። «እማዬ።» «የሷንስ?» ትንሽ አሰበና «እማዋ» አለ። «በቃ፣ ሁሉም ቤቱ የተሠራለትን ይበላል።» ከዚያ ወዲህ የክፍላችን ሕግ ይኸው ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ሕግ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ሕግ እንደማይሆን ከእሳቸው ተማርኩ።

የፖስት ካርዱ ነገር ግን የራሴ ጥፋት ነው። ወላጆች እንዲያምርላቸው ብዬ ሃያ ስድስቱንም ማታ ቤቴ ቆረጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ ጥጥ አደረግኩበት። ለልጆቹ የተውኩት አንድ መስመር ቀለም መቀባት ብቻ ነበር። ሳድል አንዷ ካርዱን አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ። «ይሄ የኔ አይደለም።» ስምሽ እኮ አለበት አልኳት። «አይደለም» አለችኝ፣ ትክክልም ነበረች። በማግስቱ ባዶ ካርቶን፣ የተረፈውን ወረቀትና ኮላውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተውኳቸው። የሷ ካርድ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ጥግ ላይ የተቆለለበት ነበር፣ ኮላው እስከ ማግስቱም አልደረቀም። ደረቷ ላይ ለጥፋው ነው ወደ ቤት የሄደችው። ለወላጅ ታይታ ተብሎ የሚሠራ የልጅ ሥራ ከልጁ የሚነጥቀው ነገር አለ፣ ይህን አሁን በደንብ አምናለሁ።

የመዝሙር ልምምዱንም አሳጥሬዋለሁ። ሦስት መዝሙር ይዘን አርባ ደቂቃ እያቆምኳቸው፣ አንዱ ልጅ መጠየቅ ፈርቶ ሱሪው ላይ አመለጠው። እማማ ቅያሪውን ሲያለብሱት ዓይኑን ከእኔ ሲያሸሽ አየሁት። ከዚያ በኋላ አንድ መዝሙር፣ አሥር ደቂቃ፣ በቃ።

የመጨረሻው ዓርብ ሁሉም የሀገር ልብስ ለብሰው መጡ። ነጭ በነጭ ሆኑ፣ ቀሚሱ መሬት የሚጠርግ ሁሉ ነበር። አዲስ ለምትጀምር መምህርት የምለው፣ በዚያ ቀን ቀለምና ኮላ ከቁም ሳጥን አይውጣ፣ ልብሱ የተገዛው ለበዓሉ ነው። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ፈንዲሻውን ግን ሁሉም ቁጭ ብለው፣ አንድ አንድ እያሉ፣ ዓይኔን ሳልነቅል ነው የሰጠኋቸው። ትንሽ ልጅ እየሮጠና እየሳቀ ፈንዲሻ ከበላ ሊያንቀው ይችላል።

የመጨረሻውን ቀለበት ለመቅደድ ተራ የደረሳቸው ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። «ሦስተኛዋ እማማ!» አሉ። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ሰንሰለቱን ያዙላቸው።

በዓሉ ማክሰኞ ታኅሣሥ 29 ነበር፣ ከዕረፍቱ መግቢያ በኋላ አራት ቀን ይቀራል። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አራት ቀለበት ያላት ትንሽ ሰንሰለት ቦርሳቸው ውስጥ ከተትኩ። ለሙስሊም ልጆች ወላጆች ቀድሜ ደውዬ ጠይቄ ነበር። የባለ እንቁላሏ አባት «እኛም ጎረቤት ቤት ስለምንሄድ ትቁጠር እንጂ» አለኝ።

ጥር 5 ሰኞ ተመለሱ። አንዳንዶቹ እንደ መስከረም በር ላይ አለቀሱ። ያ ልጅ አዲስ ጫማውን አድርጎ ገባና ቦርሳውን ከፍቶ አራት የተቀደዱ ወረቀቶች እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ጥምቀትስ ስንት ቀለበት ነው?»

«ሰባት» አልኩት። «አምስቱን እዚህ፣ ሁለቱን ቤት።»

መቀሱን ሊያመጣልኝ ሮጠ።