አይ-15 ውሃ ተከትሎ የመጣ መንገድ ነው

አሜሪካ ውስጥ ቬጋስና ሎስ አንጀለስ ዘመድ ያለን ሐበሾች ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን ፍሪዌይ፣ አይ-15ን፣ በደንብ እናውቀዋለን። ለሠርግም ለልቅሶም እንመላለስበታለን። እሁድ ከሰዓት ወደ ኤልኤ ለመመለስ የሞከረ ሰው ደግሞ የኔቫዳና የካሊፎርኒያ ድንበር ላይ ያለችው ፕሪም አካባቢ ያለውን የመኪና ሰልፍ አይረሳውም። ግን ብዙ ሰው "ምንም የሌለበት በረሃ" ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም።

መንገዱ በጠቅላላው 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሳንዲዬጎ ተነስቶ በኔቫዳ፣ በአሪዞና፣ በዩታና በአይዳሆ አልፎ ሞንታና ውስጥ የካናዳ ድንበር ላይ ያበቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን የሞሃቬን በረሃ የሚያቋርጠው ክፍል ነው። እዚያ ሰው መጀመሪያ የሄደው ውሃ ባለበት ብቻ ነው። ቪክተርቪልና ባርስቶው ላይ የምንሻገረው የሞሃቬ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ይመስላል፣ ውሃው የሚሄደው ከሥር ነው። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ይህን ስለሚያውቁ ወንዙን ይዘው ይነግዱ ነበር። በ1829 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አንቶኒዮ አርሚሆ የሚባል ነጋዴ የሱፍ ብርድ ልብስ በበቅሎ ጭኖ ከኒው ሜክሲኮ ተነሳና፣ ከምንጭ ወደ ምንጭ እያለ ካሊፎርኒያ ገባ። ከዚያ ሞርሞን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች ዩታ ካለችው ሶልት ሌክ በጋሪ መጡና በ1851 ሳን በርናርዲኖ ሰፈሩ፣ በ1855 ደግሞ ቬጋስ ምንጭ አጠገብ ምሽግ ሠሩ።

ባቡሩም በዚያው መጣ። የእንፋሎት ባቡር ውሃ ካላገኘ አይንቀሳቀስም፣ ቬጋስ በ1905 ከተማ ሆና የተቆረቆረችውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1926 ከአይ-15 በፊት የነበረው የመኪና መንገድ ዩኤስ 91 የሚል ቁጥር ተሰጠው። በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሀይዌዩን ሕግ ፈረሙ፣ በ1960ዎቹ ፍሪዌዩ በበረሃው ውስጥ ተዘረጋ። መሐንዲሶቹ ምንጭ መፈለግ አላስፈለጋቸውም፤ ግን ከተሞቹ ምንጩን ይዘው ስለተቀመጡ መንገዱ ወደ እነሱ መሄዱ የግድ ነበር። የቬጋስ ምንጮች ራሳቸው በ1962 መፍሰስ አቆሙ። ከተማዋ ጠጥታ ጨረሰቻቸው፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

በመንገዱ ላይ ያለችው ትንሽ የበረሃ ከተማ፣ ቤከር፣ ላይ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ያለው ትልቁ ቴርሞሜትር ቁመቱ 134 ጫማ የሆነው በ1913 ዴዝ ቫሊ በሚባለው በረሃ ላይ የተመዘገበውን 134 ፋራናይት ለማስታወስ ነው። ወደ ቬጋስ የምትነዱ ሰዎች እዚያ ሞተራችሁን አሳርፉ። ከቤከር በኋላ ያለው ዳገት ከ280 ሜትር ተነስቶ ከ1,200 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በበጋ ኤሲ አጥፉ የሚለው ምልክት ዝም ብሎ አልተተከለም። ለመኪናውም ለሰውም ትርፍ ውሃ ያዙ።

ቬጋስ የምትኖሩ ደግሞ ምንጮቹ የነበሩበት ቦታ ዛሬ ስፕሪንግስ ፕሪዘርቭ የሚባል ሙዚየም ሆኗል፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።